የሙያ ግብ ምንድን ነው? ወንበር አይደለም

«ግቤ ቡድን መሪ መሆን ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የሙያ ግብ ምሳሌ አድርጎ የሚያቀርብ ምክር ከመጠን በላይ በዛ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ «ከኃላፊህ ፊት ስትቀመጥ የምትፈልገውን ወንበር በስሙ ጥራ፣ ራስህን ሽጥ» ብሎ ጻፈ፤ ብዙዎችም ተቀባበሉት። ምክሩ ሰው ይጎዳል። ቡድን መሪ የሥራ መደብ ነው። መደቡ ላይ የሚቀመጠው አንድ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ተይዟል፤ የያዘው ምናልባት ፊት ለፊታችሁ ያለው ኃላፊ ራሱ ነው። የሙያ ግብ ማለት ዛሬ በሰው እገዛ የምትሠሩትን ወይም ጨርሶ የማትነኩትን አንድ ሥራ፣ እስከ አንድ የታወቀ ቀን ድረስ በራሳችሁ ኃላፊነት ወደ መያዝ መድረስ ነው።

ከጣና ሐይቅ ዳር ከዘጌ ማገዶ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፍ ባለ ታንኳ «ማዶ መድረስ እፈልጋለሁ» ብሎ አይነሣም። የት ዳር እንደሚያወርድ፣ ምን ያህል እንደጫነ፣ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይቀድመው ለመድረስ መቼ መነሣት እንዳለበት ያውቃል። መደብ ማዶው ነው። ማስተርስ ደግሞ መቅዘፊያ ነው፤ «ግቤ ማስተርስ መያዝ ነው» ያለ ሰው መቅዘፊያ እንደሚፈልግ ነገረን እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አልነገረንም። ሸክሙም አለ፦ ከኃላፊው ጋር ስለ ግቡ በሚያደርገው አንድ ውይይት አምስት ግብ የሚዘረዝር ሰው ከመሐል ሐይቅ አያልፍም። አንድ ይበቃል፣ ከሁለት አይለፍ።

በሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራ ሴት እንውሰድ። «የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ መሆን እፈልጋለሁ» ስትል አለቃዋ ሊመልስላት የሚችለው «ጥሩ ነው፣ በርቺ» ብቻ ነው። እንዲህ ብትልስ? «እስከ ጥምቀት የቡድን እንግዶችን ጉዳይ፣ ከአስጎብኚዎች ጋር ከሚደረገው የዋጋ ንግግር ጀምሮ፣ ብቻዬን ወደ መያዝ መድረስ እፈልጋለሁ። ባለፉት 6 ወራት የ4 ቡድኖችን የክፍል ድልድል ሠርቻለሁ። የጎደለኝ የዋጋ አወጣጥ ነው። በክረምት እንግዳ ሲቀንስ በሳምንት አንድ ከሰዓት ከሽያጭ ክፍል ጋር እንድቀመጥ ይፍቀዱልኝ።» ሥራው፣ ቀኑ፣ ማስረጃው፣ ጉድለቱና ጥያቄው ሁሉም አሉ፤ አለቃውም እሺ ወይም እምቢ የሚለው ነገር አገኘ። ከነዚህ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ጉድለቱ ነው፤ ሰው ድክመቱን መናገር ይፈራል። ጉድለት ያልተጠቀሰበት ጥያቄ ግን ሥልጠናው ለምን እንዳስፈለገ አያሳይም፣ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘውም እሱ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ይበልጥ ልብ ይበል። ክፍት መደብ በማስታወቂያ ወጥቶ በውድድር ስለሚሞላ የቅርብ ኃላፊ ለዕድገት ቃል መግባት አይችልም፤ ከገባም አትተማመኑበት። ደመወዙም በእርከን የታሰረ ነው። በእጁ ያለው ሌላ ነው፦ ሲወጣ ውክልና መስጠት፣ ኮሚቴ ውስጥ መመደብ፣ ስም ለሥልጠና ማስተላለፍ፣ ዕቅድ ሲዘጋጅ ማሳተፍ። የምትጠይቁት ከነዚህ ይሁን። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራልና ገንዘብ የሚያስወጣ ሥልጠና ሰኔ ላይ ቢነሣ ዕቅዱ አልፎታል፤ ከመጋቢት ባይዘገይ ይመረጣል።

«ሙያ በልብ ነው» ብሎ አፉን የሚዘጋው ደግሞ ከ«ራስህን ሽጥ» ተቃራኒ ያለው ሌላኛው ጫፍ ነው። አባባሉ የሚከለክለው ያልተሠራውን ቀድሞ ማውራትን እንጂ ያለቀን ሥራ መናገርን አይደለም። እንዲያውም ጉራ የሚባለው «ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ» ማለት ነው፤ ማንም ሊያጣራው አይችልም። «የዕቃ ቆጠራው 3 ቀን ይፈጅ ነበር፣ ዘንድሮ በ1 ቀን ጨረስን፤ የእኔ ድርሻ ቢን ካርዱን፣ የየዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ፣ በየዕለቱ ከመዝገቡ ጋር ማስታረቅ ነበር» ማለት ግን ሪፖርት ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ በትሕትና ሁሉንም «አደረግን፣ ሠራን» የሚል ሰው ድርሻው ይጠፋበታል፣ ሁሉንም «እኔ» የሚልም የባልደረቦቹን ልፋት ይወስዳል። ውጤቱ በ«እኛ»፣ ድርሻው በ«እኔ» ይነገር።

ግባችሁን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ከውይይቱ 3 ቀን በፊት ለኃላፊው ስጡት። ውይይቱ 30 ደቂቃ ከሆነ የእናንተ መግቢያ ከ3 ደቂቃ አይብለጥ፤ ቀሪው ጊዜ የሱ ጥያቄ ነው። ከሥራ አፈጻጸም ምዘና ጋር በአንድ ቀን እንዳይሆን ለምኑ። ነጥብ በሚሰጥበት ወንበር ላይ ማንም ጉድለቱን አያወጣም፣ አያስፈልግምም። ደግሞ በሙከራ ጊዜ ላይ ያላችሁ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም የሚለውን ጊዜ ማለቴ ነው፣ ግባችሁ የተቀጠራችሁበትን ሥራ በወጉ መያዝ ብቻ ይሁን።

ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ዳር ወጥቶ ካልደረቀ ቀስ በቀስ ይከብዳል። ግብም እንዲሁ በየ6 ወሩ ወጥቶ ይታይ። ጉድለቱ ከተሞላ ቀጣዩ ጉድለት ይጻፍ፣ ሥራው ለሌላ ክፍል ከተላለፈ ግቡ ይቀየር። የአምናውን ወረቀት ቀኑን ብቻ ለውጦ ማቅረብ ኃላፊው ወዲያው የሚያየው ነገር ነው።

የተባባላችሁትን በዚያው ቀን በአራት መስመር ጽፋችሁ ላኩለት፦ ምን ተፈቀደ፣ ማን ያደርገዋል፣ እስከ መቼ፣ ምን ቀረ። «እናያለን» ካለ፣ ከመነሣታችሁ በፊት «መቼ ልጠይቅዎ?» በሉ፣ የሰጠውንም ቀን እዚያው ፊቱ ጻፉት።