ኸሊፋ የሚመረጠው እንዴት ነበር?

ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹ አራት ኸሊፋዎች፣ ማለትም ከነቢዩ በኋላ ሙስሊሞችን የመሩት ተተኪዎች፣ በአንድ ሕግ የተሾሙ ይመስለዋል። አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ ያረፉት በ632 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሱኒዎች ነቢዩ ተተኪ በስም አልሾሙም ይላሉ። ሺዓዎች ደግሞ የነቢዩ የአጎት ልጅና አማች ዐሊ ተሰይመው ነበር ባይ ናቸው። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

አቡበክር መዲና ላይ በተደረገ ስብሰባ፣ ከብዙ ሙግት በኋላ ተመረጡ። እሳቸው ከመሞታቸው በፊት ዑመርን ሰየሙ። በዑመር ዘመን ሶርያና ግብፅ ከቢዛንታይን፣ ኢራቅ ደግሞ ከፋርስ እጅ ወጡ። ስለዚህ ቀጣዩ ሰው የሚረከበው በጣም ሰፊ ግዛት ነበር።

በ644 ዑመር በስለት ተወጉ። ሕመም ላይ ሳሉ ስድስት ሰዎችን መረጡ፦ ዐሊ፣ ዑስማን፣ ዙበይር፣ ጦልሐ፣ ሰዕድና አብዱረህማን። በሦስት ቀን ውስጥ ከመካከላችሁ አንዱን ሹሙ አሏቸው። ልጃቸው አብዱላህ በምክክሩ እንዲገኝ ተፈቀደለት፤ እንዲመረጥ ግን አልተፈቀደም። ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ያን ሁሉ አገር ይዘው ሥልጣኑን የቤት ውርስ አላደረጉትም። አብዱረህማን ራሳቸውን ከእጩነት አግልለው የመዲናን ሰው ሲጠይቁ ሰነበቱ። በመጨረሻ ዑስማንን አሳወጁ። ዑስማንና አብዱረህማን፣ ዙበይርም ጭምር፣ ቀደም ሲል በስደት ወደ ሐበሻ ምድር መጥተው ነበር።

በ656 ዑስማን በአመፀኞች ሲገደሉ ዐሊ ተተኩ። ሁሉም ግን አልተቀበላቸውም፤ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሳ። ከ661 ጀምሮ የገዙት ሙዓዊያ ልጃቸውን የዚድን ወራሽ አደረጉ። ከዚያ ወዲያ ሥልጣኑ በቤተሰብ ውስጥ መዞር ጀመረ።