ዳምፒንግ ምንድን ነው? የሞተር የፊት ሾክ ለምን እጅ ይመታል?

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጠጠሩ መንገድ ሞተር የነዳ ሰው የማወራው ነገር ወዲያው ይገባዋል። መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ አንድ ሹል ድንጋይ ሲመጣ ደግሞ ምቱ እስከ ትከሻ ይዘልቃል። ያው ሞተር ከተማ ገብቶ ፍሬን ሲያዝ ግን አፍንጫው ወደ መሬት ይደፋል። ታዲያ ሾኩ ደረቅ ነው ወይስ ልል? ሁለቱንም ነው። ችግሩ ያለው ዳምፒንጉ ላይ ነው።

የፊት ሾክ ጎማውን በግራና በቀኝ የያዙ ሁለት እግሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ እግር ውስጥ ሞላ እና ዘይት አለ። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ነው። ግን ሞላ የተቀበለውን ጉልበት መልሶ ስለሚሰጥ ብቻውን ቢሆን ሞተሩ አንዴ ጉድጓድ ከመታ በኋላ እንደ ኳስ እየነጠረ ይሄድ ነበር። ይህን የሚያረግበው ዘይቱ ነው። ሾኩ ሲታመቅም ሲመለስም ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ ያልፋል፣ ጉልበቱም ወደ ሙቀት ይቀየራል። ዳምፒንግ የሚባለው ይኸው ነው።

አሁን ጣና ዳር ውረዱና መዳፋችሁን ውኃው ላይ ዘርግታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች ግፉት። ዝም ብሎ ይሰጥማል። በጥፊ ስትመቱት ግን ያቃጥላል። ውኃው ያው ነው፣ የተለወጠው የእጃችሁ ፍጥነት ነው። ዘይትም በቀዳዳ ሲያልፍ እንደዚሁ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ከተማችን ውስጥ የምናያቸው አብዛኞቹ ቀላል ሞተሮች ሾካቸው ውስጥ ያለው መጠናቸው የማይለወጥ ቀዳዳዎች ያሉት ባዶ ዘንግ ነው። ፍሬን ስትይዙ ሾኩ የሚወርደው ቀስ ብሎ ስለሆነ ዘይቱ እንደልቡ ያልፋል፣ ሞተሩም ይደፋል። ኮብልስቶን ወይም ሹል ጉድጓድ ላይ ግን ጎማው በድንገት ወደ ላይ ይገፋል፤ ዘይቱ ለማለፍ ጊዜ ያጣል፣ ሾኩም ለቅጽበት እንደ ብረት ዱላ ይሆናል። እጃችሁን የሚመታው ያ ነው።

ብዙ ሰው መፍትሔው ወፍራም ዘይት ይመስለዋል። እኔም አምኜ ነበር። አንድ ጋራዥ ሞተሬን ሰጥቼ ስመለስ የፊቱ በጣም ጠንክሮ አገኘሁት፤ ለካስ የሾክ ዘይት ስለሌላቸው 20ደብሊው-50 የኢንጂን ዘይት ሞልተውበታል። መደፋቱ ቀነሰ፣ እውነት ነው። የዘጌን መንገድ ግን ግማሹን እንኳ ሳልጨርስ እጄ ደነዘዘ። ዘይት ሲወፍር በቀስታውም በድንገተኛውም እንቅስቃሴ ተቃውሞው አብሮ ነው የሚጨምረው። ደግሞ ጠርሙሱ ላይ ውፍረቱን የሚናገረውን 10ደብሊው የሚል ጽሑፍ ብቻ አይታችሁ አትግዙ። የአንዱ ፋብሪካ 10ደብሊው ከሌላው ጋር እኩል ላይሆን ይችላል። ትክክለኛው መለኪያ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው የሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) ቁጥር ነው፣ ፋብሪካው በምርት መግለጫው ላይ ያወጣዋል።

እውነተኛው ማሻሻያ ካርትሪጅ ኢሙሌተር ይባላል፤ ከታወቁት አንዱ ሬስ ቴክ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ጎልድ ቫልቭ ነው። ትንሽ ክብ ቫልቭ ናት። ዘንጉ አናት ላይ ትቀመጣለች፣ ዋናው ሞላ ከላይ ተጭኖ ይይዛታል። ሾኩ ሲታመቅ ወደ ላይ የሚወጣው ዘይት በእሷ በኩል ማለፍ አለበት። ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ከሆነ ዘይቱ በትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ስለሚያልፍ ሞተሩ እንደበፊቱ ቶሎ አይደፋም። ድንገተኛ ምት ከመጣ ግን ግፊቱ በትንሽ ሞላ የተያዘውን ክዳን ከፍቶ ዘይቱን ይለቀዋል። የምትፈልጉትን ጥንካሬ ያቺን ትንሽ ሞላ በማጥበቅና በማላላት ታስተካክላላችሁ። ቀዳዳው እንደ ሁኔታው ይሰፋል ማለት ነው፣ እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ሥራ አለ። የዘንጉ የታችኛው ቀዳዳዎች እንደነበሩ ከቀሩ ዘይቱን አስቀድመው እነሱ ያንቁታል፣ ቫልቯም ሥራ ፈታ ትቀመጣለች። ስለዚህ በመመሪያው መሠረት እነሱን ማስፋትና ተጨማሪ መብሳት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ በ8 ሚሊሜትር ድሪል በጠቅላላው 6 ቀዳዳ ይደረጋል። ከዚያ የብረቱን ስለት በሞረድ አጥፍታችሁ ዘንጉን በደንብ እጠቡት፣ አንድ ፍቅፋቂ ብትቀር ቫልቯን ታግታለች። ላይኛውን ትንሽ ቀዳዳ በጭራሽ እንዳትነኩት። ሾኩ ሲመለስ የሚያረግበው እሱ ነው፣ ኢሙሌተር ከገባ በኋላም የመመለሻውን ፍጥነት የምትወስኑት በዘይቱ ውፍረት ነው። ቫልቯ ከፍታ ስለምትጨምር ከዋናው ሞላ በላይ ያለው አጭር ማራዘሚያ ቱቦም በዚያው ልክ ይቆረጣል።

ውድ የሆኑት ሞተሮች ሙሉ ካርትሪጅ፣ ማለትም በሾኩ ውስጥ ራሱን የቻለ የዳምፒንግ ክፍል አላቸው፣ ዘይቱን የሚቆጣጠሩት የተደራረቡ ስስ የብረት ቀለበቶች ናቸው። እሱ ሌላ ዓለም ነው።

ቫልቭ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ዘይቱን ቀይሩ። በሁለቱ እግሮች ያለው የዘይት ከፍታ እኩል ይሁን፤ ሞላውን አውጥታችሁ፣ ሾኩን እስከ መጨረሻው አምቃችሁ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ድረስ ለኩ። ከዘይቱ በላይ ያለው አየር ራሱ እንደ ሞላ ስለሚሠራ የጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ይሰማል። ከዚያ የሚያብረቀርቀው ቱቦ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩበት። ሾኩ የቱ ድረስ እንደወረደ ያሳያችኋል። በዚያ ወፍራም ዘይት ጊዜ የእኔ ማሰሪያ ከግማሽ አላለፈም ነበር። ኢሙሌተሩን ካስገባሁ በኋላ ዘጌ ደርሼ ወርጄ ሳየው፣ እስከ መጨረሻው ሁለት ጣት ያህል ብቻ ቀርቶት ቆሟል።