ኒው ዮርክ አስፋልት ላይ ስለወጡት የምግብ ጠረጴዛዎች የሚባለውና እውነታው

ጁን 2020 ላይ ኒው ዮርክ ከኮሮና እገዳ ቀስ በቀስ ስትወጣ፣ ምግብ ቤቶች ደጃፋቸው ላይ መኪና ይቆምበት በነበረው ቦታ ጠረጴዛ እንዲያወጡ ተፈቀደላቸው። ዙሪያውን በአበባ ሳጥን ከለሉት፣ ዳስም ሠሩበት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ክርክሩ አልበረደም። የሚወራው ሁሉ ግን ልክ አይደለም።

«ያ ሁሉ ሳጥን ለጌጥ ነው»

ይህኛው በጣም ያሳስበኛል። ሳጥኑ የተቀመጠው የሰው ሕይወት ለመጠበቅ ነው። የ2020ው መመሪያ በመንገዱ በኩል ባሉት ሦስት ጎኖች መከለያ እንዲኖር ያዝዝ ነበር። ውፍረቱ ቢያንስ 18 ኢንች፣ ቁመቱ ከ30 እስከ 36 ኢንች፣ ውስጡ አፈር ወይም አሸዋ የተሞላ። ቁም ነገሩ ያለው አፈሩ ላይ ነው። ባዶ ሳጥን መኪና ከገጨው ተንሸራቶ ተመጋቢው ላይ ይወድቃል። ክብደት ያለው ግን ግፊቱን ይቀንሳል። በሙሉ ፍጥነት የሚመጣ የጭነት መኪና ያቆማል ማለቴ አይደለም። ፓርክ ሲያደርግ የሳተውን ሹፌር ግን ይይዘዋል። አስተናጋጅ ጀርባውን ለመኪና ሰጥቶ ነው ቀኑን ሙሉ የሚሠራው። ከላይ አበባ ደርድሮ ከታች ባዶውን የተወ ባለቤት የሠራተኛውን ነፍስ አስይዞ ነው የሚነግደው።

«ፓርኪንግ ጨረሱብን»

በከተማዋ መንገድ ዳር ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ የመኪና ማቆሚያ አለ ተብሎ ይገመታል። ጠረጴዛዎቹ የያዙት 8,500 አካባቢ ነበር። አንድ ሰፈር ላይ ሲከማች እንደሚያስቸግር ይገባኛል።

«የእሳት አደጋ መኪና አያልፍም»

መኪናው የሚያልፍበት 15 ጫማ ስፋት ያለው መንገድ ክፍት መተው ግዴታ ነው።

«አይጡን ያመጣው ዳሱ ነው»

ግማሽ እውነት አለው። ዝግ ዳስና የእንጨት ወለል ለመደበቂያ ተመችቶታል። ምግቡን ያገኝ የነበረው ግን ማታ ማታ በላስቲክ ተጠቅልሎ እግረኛ መንገድ ላይ ከሚቆለለው ቆሻሻ ነው። ምግብ ቤቶች ቆሻሻቸውን ክዳን ባለው በርሜል እንዲያወጡ የተገደዱት ገና በ2023፣ ሌሎቹ ንግድ ቤቶች ሁሉ ደግሞ በማርች 2024 ነው።

«መሬቱን በነጻ ወሰዱት»

በወረርሽኙ ጊዜ፣ አዎ። በ2023 የወጣው ሕግ ግን ለ4 ዓመት ፈቃድ 1,050 ዶላር ያስከፍላል፤ በካሬ ጫማ የሚታሰብ ዓመታዊ ክፍያም አለው። ዝግ ዳስም ከልክሏል።

አንድ ቅሬታ ግን ሐሰት ነው ብዬ አላልፈውም። በዊልቸር የሚሄዱና ማየት የተሳናቸው ሰዎች መንገዳችን ተዘጋ ሲሉ ብዙ ቦታ እውነታቸውን ነው። ወንበር ከመስመሩ ሁለት ስንዝር ወጥቶ ከተረሳ፣ ለእነሱ መንገዱ የለም ማለት ነው።

«በብርዱ ወራት ቢነሳ ማን ይጎዳል?»

ትንሹ ምግብ ቤት ይጎዳል። አዲሱ ሕግ አስፋልት ላይ ያለው ሁሉ ከኖቬምበር 29 በኋላ ተነስቶ ከኤፕሪል 1 በፊት እንዳይመለስ ያዛል። ያን ያህል አፈርና እንጨት የሚያነሳ ጉልበት፣ የሚጭን መኪና፣ አራት ወር የሚቀመጥበት መጋዘን ይጠይቃል። ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ይችለዋል። ባልና ሚስት የሚያስተዳድሩት ቤት ከየት ያመጣል? በወረርሽኙ ጊዜ ከ12,000 በላይ ምግብ ቤቶች ተሳትፈው ነበር። በአዲሱ ሕግ ፈቃድ የመጠየቂያው ቀነ ገደብ በኦገስት 2024 ሲያልቅ የቀረበው ማመልከቻ 3,000 ገደማ ነው። እኔ ብጠየቅ፣ መመሪያውን ጠብቆ የተሠራ ከባድ መከለያ ዓመቱን ሙሉ ይቆይ ነው የምለው። እግረኛ መንገድ ላይ ያለ ጠረጴዛ ዓመቱን ሙሉ መቆየት ተፈቅዶለታል። ደጁ ጠባብ የሆነበት ግን ያለው አስፋልቱ ብቻ ነው።