የመጎተት አቅም ምንድን ነው? ያገለገለ ፒካፕ ለሚገዛ ሰው

በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ ወይም በገላን ያገለገለ ፒካፕ ሊገዛ የወጣ ሰው ከደላላ አፍ ቶሎ ከሚሰማቸው ነገሮች አንዱ «ይህ ተራራ ይጎትታል» የሚል ነው። ደላላው የግድ እየዋሸ አይደለም፤ ነገሩን ከወገቡ ቆርጦ ነው የሚናገረው። በየትኛው ዳገት፣ በማን ፍሬን፣ በስንት ዓመቱ የሚለው ቀርቷል። ገንዘብም ሕይወትም የሚበላው ደግሞ ያ የቀረው ግማሽ ነው።

የመጎተት አቅም ማለት አንድ መኪና ከኋላው አስሮ ሊነሣ፣ ዳገት ሊወጣ፣ ሊታጠፍ፣ ከሁሉም በላይ ቁልቁለት ላይ ሊያቆመው የሚችለው የተሳቢ ከፍተኛ ክብደት ነው። ክብደት ሲባል የተሳቢው ብረት፣ ጎማውና በላዩ የተጫነው ሁሉ ተደምሮ ነው። ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 20 ኩንታል ይመዝናል። ሮቶውን የተሸከመው በብየዳ የተሠራ ተሳቢ በቀላሉ 5 ወይም 6 ኩንታል ይጨምራል። ስለዚህ «20 ኩንታል ውሃ ነው የምጎትተው» የሚል ሰው የሚጎትተው 25 ወይም 26 ኩንታል ነው።

ይህንን ቁጥር ከመጫን አቅም ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። የመጫን አቅም መኪናው በራሱ ጀርባ የሚሸከመው ነው፤ በብዙ ደብል ጋቢና ፒካፖች ከ8 እስከ 10 ኩንታል አካባቢ ሲሆን ጋቢና ውስጥ የተቀመጡት ሰዎችም ከዚያው ላይ ይቀነሳሉ። ሻጭ የማያነሣው፣ ገዢም የማይጠይቀው ሦስተኛ ቁጥርም አለ፦ መኪናው፣ ተሳቢውና በሁለቱም ላይ ያለው ሁሉ በአንድነት ሊያልፉት የማይገባ ጠቅላላ ክብደት። ብዙ ፒካፖች ጀርባቸውን እስከ ልኩ ሞልተው በላዩ ላይ የተጻፈላቸውን ተሳቢ በሙሉ መጎተት አይፈቀድላቸውም። ከኋላ 16 ከረጢት ሲሚንቶ የደረደረ ሰው 8 ኩንታል ጭኗል፤ የሚጎትተውን መቀነስ ያለበት እዚያው ላይ ነው።

አምራቾች ምን ይላሉ? እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2015 የተሠራው ቶዮታ ሃይሉክስ ባለ 3.0 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ሞተር በብዙ ገበያዎች 2,500 ኪሎ ግራም ተብሎ ተሽጧል። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ባለ 2.8 ሊትሩ በአንዳንድ አገሮች እስከ 3,500 ይደርሳል፤ አይሱዙ ዲማክስና ፎርድ ሬንጀርም በቅርብ ዘመን ሞዴሎቻቸው እዚያው አካባቢ ናቸው። ቁጥሩ እንደ ሞተሩ፣ እንደ ካምቢዮውና እንደተሸጠበት አገር ስለሚለያይ፣ ከዱባይ የመጣን መኪና በአውስትራሊያ ወረቀት መለካት አያዋጣም። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በትንሽ ፊደል የሚጻፈው ነው፦ 3,500 የሚባለው ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ብቻ ነው። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የእነዚሁ መኪኖች ወሰን አብዛኛውን ጊዜ 750 ኪሎ ግራም ነው። ከ35 ኩንታል ወደ 7 ኩንታል ተኩል!

በአዲስ አበባ ዳርቻ በየብየዳ ቤቱ የሚሠሩት ተሳቢዎች ብዙዎቹ ፍሬን የላቸውም። ብየዳቸው ጠንካራ ነው፣ ብረታቸው ወፍራም ነው፣ ቀለማቸውም ያምራል፤ ሲቆሙ ግን የሚቆሙት በፊተኛው መኪና ፍሬን ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ማየት ይሻላል። መኪናና ተሳቢ አንድ ላይ 40 ኩንታል ይመዝኑ እንበል። ይህ ክብደት 300 ሜትር ከፍታ የሚቀንስ ቁልቁለት ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 12 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 40 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሹፌሩ ፍሬኑን ረግጦ ከወረደ አብዛኛው ሙቀት የሚያርፈው በአራት ጎማዎች ፍሬን ላይ ነው፤ ሸራው ይግላል፣ መያዙን ይተዋል፣ የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል። ከእንጦጦ ጀርባ ከሱሉልታ ወደ ከተማ የሚወርድ፣ ይልቁንም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ጭነቱን በማርሽ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው። በሁለተኛ ማርሽ የወጣኸውን በሁለተኛ ውረድ የሚለው የድሮ ሹፌሮች ምክር ከየትኛውም መመሪያ አያንስም።

ተሳቢ ወደፊት ሲገፋ በዚያው ግፊት የራሱን ፍሬን የሚይዝ ሜካኒካል መሣሪያ አለ። ሽቦም ኮምፒውተርም አይፈልግም፤ ጥሩ ባለሙያ ይገጥመዋል። ለፒካፑ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ከመግዛት በፊት ገንዘቡ እዚህ ላይ ቢውል እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ዳገቱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,300 እና በ2,400 ሜትር መካከል አካባቢ ተዘርግታለች፤ እንጦጦ ከ3,000 ይዘላል። በ2,400 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ናፍጣ ለመቃጠል አየር ስለሚፈልግ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን በዚያው መጠን ያጣል። በአገራችን ጋራዦች ስማቸው ከፍ ብሎ የሚጠራው 3ኤል እና 5ኤል የሃይሉክስ ሞተሮች ከዚህ ወገን ናቸው። የማይሞቱ፣ የትም መለዋወጫ የሚገኝላቸው፣ በየትኛውም መካኒክ የሚታወቁ ናቸው፤ ፍቅሩን እረዳለሁ። ሒሳቡ ግን አይራራላቸውም። 40 ኩንታል ይዞ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚነሣ ዳገት በሰዓት በ30 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ጎማው ላይ 50 የፈረስ ጉልበት ያህል ያስፈልጋል፤ በ40 ኪሎ ሜትር ደግሞ 67። 5ኤል አዲስ ሳለ በባሕር ዳርቻ ወደ 100 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ከፍታው አንድ አምስተኛውን ወስዶ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ድርሻቸውን ቆርጠው፣ የዘመናት ድካሙ ሲጨመር ጎማው ላይ የሚደርሰው 60 እንኳ ላይሆን ይችላል። ይወጣል፤ ግን በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ከኋላው የከባድ መኪና ሰልፍ እየጎተተ።

ቱርቦ ያለው ሞተር የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ያን ያህል አይጎዳውም። በዚህ ምክንያት በዚህ ከተማ ዙሪያ ተሳቢ ለመጎተት ለሚገዛ ሰው ከ5ኤል ይልቅ ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ ባለ ቱርቦ ሞተር እመክራለሁ፤ መለዋወጫው ውድ ቢሆንም። ሙቀቱ ግን ለሁለቱም ነው። ውሃ እዚህ ከፍታ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩ ከዚያ በላይ የሚችለው ክዳኑ ግፊት አምቆ ስለሚይዝ ነው። ላስቲኩ የደረቀ የራዲያተር ክዳን በባዶ መኪና ላይ ዓመት ሳይታወቅ ይቆያል፤ ጭነት የታሰረ ዕለት ዳገት መሐል ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያስከፍታል።

አንድ ነገር ብዙም አይነገርለትም፤ ተሳቢው መጎተቻው ላይ ወደታች የሚያሳርፈው ክብደት። ጤናማው ልክ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ወደ 10 በመቶ ነው። በጣም ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ሲይዝ ይብስበታል። በጣም ከበዛ ደግሞ የመኪናው አፍንጫ ይነሣል። 20 ኩንታል ተሳቢ 200 ኪሎ መጎተቻው ላይ ቢያሳርፍ፣ መጎተቻው ከኋላ ጎማዎች 1.2 ሜትር ወጣ ብሎ ስለሚገኝ የኋላ ጎማዎች ላይ የሚያርፈው 280 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ከፊት ጎማዎች ደግሞ ወደ 80 ኪሎ ይነሣል። መሪው የቀለለው ለዚህ ነው። ግማሹ የጎደለ ሮቶ ከሙሉው ይልቅ የሚያስቸግረውም ውሃው ፍሬን ሲያዝ ወደፊት፣ ሲነሣ ወደኋላ እየሸሸ ይህንን ልክ ስለሚያዛባው ነው። ድርቆሽ የሚጭኑ የሱሉልታ ሰዎች ችግራቸው ሌላ ነው፤ ክብደቱ ትንሽ፣ ቁመቱ ግን ነፋስን የሚጋፋ ግድግዳ ነው።

ጋራዥ ገብቶ አቅም መጨመር ይቻላል? በከፊል። ባሌስትራ (የኋላውን ክብደት የሚሸከመውን ተጣጣፊ ብረት) ማስጨመር የኋላው እንዳይንበረከክ ያደርጋል፤ የመጎተት አቅሙን ግን በአንድ ኪሎ አይጨምርም፤ ሻንሲው (መኪናው የተሠራበት የብረት አጽም)፣ ፍሬኑና አክሰሉ ያው ናቸውና። እንዲያውም ባሌስትራው ሲጠነክር መታጠፉ ወደ ሻንሲው ይዞራል፤ ደብል ጋቢናዎች ከጋቢናው ጀርባ የሚሰነጠቁት በብዛት እንዲህ ነው። ትልቅ ጎማ ማስገባት ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው፦ ቁመቱ በ10 በመቶ የጨመረ ጎማ የመሳብ ኃይሉን በዚያው ያህል ይቀንሳል። ከጎማው መጠን ይልቅ ጎኑ ላይ የተጻፈውን የክብደት ቁጥር ማንበብ ይጠቅማል፤ 104 ማለት አንዱ ጎማ 900 ኪሎ ይችላል፣ 112 ማለት 1,120 ኪሎ ነው። ገንዘብ የሚያዋጣው አዲስ ፍሪሲዮን፣ የጸዳ ራዲያተር፣ የታደሰ ፍሬንና የተቀየረ የፍሬን ዘይት ላይ ነው፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነ የዘይት ማቀዝቀዣ ይጨመርበት።

ሲገዙ መኪናውን በግቢ ውስጥ ባዶውን መንዳት ስለ መጎተት ምንም አይነግርም። ሥሩ ገብቶ ሻንሲውን በባትሪ ማየት ይቅደም፦ ከጋቢናው ጀርባና ባሌስትራው በሚታሰርበት ቦታ ስንጥቅ፣ አዲስ ብየዳ ወይም ሌላው ዝጎ ሳለ እዚያ ብቻ ያማረ ቀለም ካለ መኪናው የሚናገረው ታሪክ አለ። ከኋላ የመጎተቻ ብሎን የነበረበት ቀዳዳ መኖሩ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ለሻጩ ምን ይጎትት እንደነበር ለመጠየቅ ግን በቂ ምክንያት ነው። ከዚያ ጥቂት ኩንታል ጭኖ ዳገት መውጣት። ፍሪሲዮን የሚያንሸራትት ከሆነ በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጠው የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ፍጥነቱ ግን አይከተልም። እምቢ የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ገበያው ለገዢ አይመችም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስገባት እጅግ ስላስወደደው፣ አገር ውስጥ ሲዞር የኖረው ፒካፕ ዕድሜው ቢገፋም ዋጋው አልወረደም። ሰዎች ከሚያስፈልጋቸው ባነሰ መኪና ከሚገባው በላይ ለመጎተት የሚገደዱት በከፊል በዚህ ነው። እኔ ከ10 ዓመት በላይ ለሠራ ፒካፕ ወረቀቱ ላይ ካለው ቁጥር ከሁለት ሦስተኛው በላይ አላስርበትም፤ ይህ የእኔ ልክ እንጂ የአምራች ሕግ አይደለም። በየቀኑ ከ20 ኩንታል በላይ የሚያመላልስ ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ጠንካራ ፒካፕ ሳይሆን አነስተኛ የአይሱዙ የጭነት መኪና ነው፤ ከሌለው በቢያጆ ቢከራይ ይረክሰዋል።

ያም ሆነ ይህ ከመግዛት በፊት የሚጎተተውን ነገር ማስመዘን ይገባል። ተሳቢውን እንደ ሥራ ቀን ሞልቶ የመኪና ሚዛን ያለበት ቦታ መውሰድ፤ ከዚያ ለጥ ባለ ቦታ አቁሞ፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፎ፣ የመጎተቻውን ጫፍ ብቻ በእህል ሚዛን ላይ አሳርፎ ማንበብ። ሁለቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፎ የያዘ ገዢ ደላላው «ተራራ ይጎትታል» ሲለው የሚጠይቀው ጥያቄ አለው።