ችግረኛን የመርዳት ታሪክ በሐረር

አሮጌዋን የሐረር ከተማ በሚከብበው በጁገል ግንብ ውስጥ የተቸገረን ሰው የመርዳት ሥራ ለዘመናት በዋናነት የመንግሥት አልነበረም። ዘመድ፣ መስጊድና አፎቻ ነበሩ የሚሸከሙት።

አፎቻ የሐረሪዎች የሰርግና የሐዘን ማኅበር ነው። ከዕድር ጋር ይመሳሰላል፤ ግን ደስታንም ይጨምራል። ወንዶችና ሴቶች የየራሳቸው አላቸው። ሰው ሲሞት አባላቱ ለቅሶ ቤቱን ይሞላሉ፣ ወጪውን ይጋራሉ። አባሉ ድሃ ቢሆንም ሬሳው እንደ ማንኛውም ሰው በወግ ይቀበራል፤ ልጁም በወግ ይዳራል። የሚደርሰው ድርሻው እንጂ ምጽዋት አይደለም። በእኔ እይታ የአፎቻ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ከዘካና ከሰደቃ ሌላ ወቅፍ ነበር። ባለሀብቱ መሬት ወይም ቤት ለመስጊድ ይሰጣል፤ ገቢው ለመስጊዱና ለአገልጋዮቹ ይውላል። ይህን ታሪክ ለማጥናት ሐረር የታደለች ናት፤ ከገዥዎቿ ከአሚሮቹ ዘመን የተረፉ የቃዲ (የእስልምና ዳኛ) መዝገቦች አሏት። ችግሩ መዝገቦቹ በብዛት የሚያወሩት ስለ ውርስና ስለ ሽያጭ ነው። ምንም የሌለው ሰው እዚያ ውስጥ እምብዛም አይገኝም።

ይሄ ሁሉ የሚሠራው ግን ወገን ላለው ነው። ትልቅ ረሃብ ሲመጣ ደግሞ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1560ዎቹ ከረሃቡ ጋር የመጣው ወረርሽኝ የከተማዋን ገዥ አሚር ኑርን ራሳቸውን ገድሏል። በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.፣ ከብቱ ያለቀበት የገጠር ሰው እህል ፍለጋ ወደ ከተማዋ መጣ። አፎቻ የሌለው እንግዳ ቢወድቅ ማን ያነሳዋል? የሥጋ ደዌ ታማሚም ከዚህ አልተሻለም፤ ዘመድ እያለው እንኳ ይገለል ነበር። ለእነዚህ ታማሚዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የካፑቺን ሚሲዮናውያን ሐረር ላይ ማቆያ ከፈቱ። በ1950 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በጀርመኖች እርዳታ የቢሲዲሞ የሥጋ ደዌ ማዕከል፣ በባቢሌ መንገድ ላይ፣ ተቋቋመ።

ምኒልክ ሐረርን ከያዙበት ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ የገባው የክርስቲያኑ ማኅበረሰብ የራሱን ልማድ ይዞ መጣ፦ ሰንበቴ፣ ማኅበር፣ ነዳያን የሚበሉበት ተዝካር።

በ1967 ዓ.ም. መሬትና ትርፍ ቤት ሲወረስ ብዙ ሐረሪ ከግንቡ ውጭ ያለውን የእርሻ ገቢውን አጣ። አፎቻ ግን የቆመው በአባላቱ መዋጮ ስለነበር ቀጠለ። ወደ አዲስ አበባና ወደ ውጭ አገር የተሰደዱትም በየሄዱበት አቋቁመውታል።