ኤሲ ብርድ አያመርትም፦ ባሕር ዳር ላይ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መጋቢት ሲገባ ባሕር ዳር ላይ ከቀኑ 8 እና 9 ሰዓት ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ይከብዳል። ኤሲ የሌለው ሊገዛ የሚወጣው፣ ያለው ደግሞ ቴክኒሻን የሚያፈላልገው ያኔ ነው፤ የተሳሳተው ምክርም አብሮ ይበዛል። አብዛኛው ስህተት የሚነሳው ኤሲን ብርድ የሚያመርት ማሽን አድርጎ ከማሰብ ነው። ኤሲ ያለውን ሙቀት ከክፍሉ ሰብስቦ፣ በቱቦው ውስጥ በሚዞረው ጋዝ አሸክሞ ውጭ ይደፋል፤ ሥራው ይኸው ነው።

«16 ላይ ካደረግኩት ቶሎ ያቀዘቅዛል»

የሪሞቱ ቁጥር የት ላይ እንደሚቆም ይነግረዋል እንጂ ጉልበት አይጨምርለትም። ኢንቨርተር (እንደ ክፍሉ ሙቀት ፍጥነቱን የሚቀያይር) ያልሆነ ኤሲ ኮምፕረሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) ከተነሳ ሁልጊዜ በሙሉ አቅሙ ነው የሚሠራው። 24 ላይም ሆነ 16 ላይ የሚነፍሰው አየር ቅዝቃዜው አንድ ነው። 16 ላይ ሲደረግ ክፍሉ እዚያ ስለማይደርስ ማሽኑ ሳያርፍ ይውላል፣ ቆጣሪውም አብሮት ይሮጣል። ኢንቨርተሩም ቢሆን ክፍሉ በጣም ከሞቀ 24 ላይም በከፍተኛ ፍጥነት ነው የሚነሳው። ለመቸኮል ከሆነ መጀመሪያ በርና መስኮት ለ5 ደቂቃ ከፍተው የታመቀውን ሙቀት ያስወጡ፤ ከዚያ ዘግተው የንፋሱን ፍጥነት ከፍ ያድርጉ። 25 ለባሕር ዳር ቀን ከበቂ በላይ ነው።

«ትልቁን ልግዛ፣ ትርፍ አይጎዳም»

ይጎዳል። 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች ኮርኒስ ያላት መኝታ ቤት 9,000 ቢቲዩ (የኤሲ ሙቀት የማውጣት አቅም መለኪያ) ይበቃታል። ኮርኒስ ከሌላት ወይም የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቷ የሚገባ ከሆነ 12,000። እዚያው ላይ 18,000 ሲሰቀል ክፍሉን በጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይቆማል፣ ቆይቶ ይነሳል፣ እንደገና ይቆማል። እርጥበቱን ለማውጣት ጊዜ ስለማያገኝ ክፍሉ ቀዝቅዞም ሰውነት ላይ የሚያጣብቅ ይሆናል። ኮምፕረሰሩን በጣም የሚያደክመው ደግሞ መነሳቱ ነው።

«ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ትልቅ ያስፈልጋል» የሚል ሻጭም አለ። ግማሽ እውነት ነው። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንሳል። ነገር ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቢቲዩ የተለካው ውጭው 35 ዲግሪ ሆኖ ነው፤ ባሕር ዳር በሚያዝያም ቢሆን የሚውለው 30 አካባቢ ነው። አንዱ ሌላውን ያካክሳል። ትርፍ ገንዘብ ካለ ኮርኒስ ማሠራት ከትልቅ ኤሲ ይበልጣል።

«ጋዙ ስለሚያልቅ በየዓመቱ ይሞላል»

ይህ በየዓመቱ የብዙ ሰው ኪስ የሚጎዳ ነው። ጋዝ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም፤ በዝግ ቱቦ ውስጥ ይዞራል። ካነሰ ፈስሷል ማለት ነው፣ የፈሰሰበት ሳይደፈን መሙላት ደግሞ በተቀደደ ጀሪካን ውሃ መቅዳት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው ቱቦው በብሎን ከማሽኑ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ነው። የዘይት ወዝ ካለ ይጠርጥሩ፤ የሳሙና አረፋ ሲቀባ ቀስ እያለ የሚነፋ ኳስ ከሠራ ያ ነው ቀዳዳው።

ከተደፈነ በኋላ ቱቦው ውስጥ የቀረው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ለ20 እና 30 ደቂቃ መመጠጥ አለበት። ፓምፕ ሳይዝ የመጣ ቴክኒሻን «በጋዙ ገፍቼ አስወጣዋለሁ» ካለ አያስነካኩት፤ የቀረው እርጥበት ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶ ኮምፕረሰሩን ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል። የሚገባው መጠንም የውጪው ክፍል ላይ በተለጠፈው ወረቀት በግራም ወይም በኪሎ ተጽፏል፣ በሚዛን ይሞላል። የጋዙ ዓይነትም እዚያው አለ፦ አር 22፣ አር 410ኤ፣ አር 32፤ አንዱ በሌላው አይተካም፤ አር 32 ደግሞ እሳት ሊይዝ የሚችል ስለሆነ ሲጋራ እያጨሱ የሚሠራ አይደለም።

ጋዝ አንሷል ከማለት በፊት ግን ፊልተሩን ይዩ። የውስጡን ክፍል ሽፋን ከሁለቱ ጎን ይዘው ወደ ላይ ሲያነሱት መረቡ በእጅ ይወጣል። የበጋ አቧራ ሲከማችበት እንደ ብርድ ልብስ ይወፍራል፤ አየር ማለፍ ሲያቅተው ከኋላው ያለው ቱቦ በረዶ ይይዛል፣ በረዶው ሲቀልጥ ግድግዳው ላይ ይንጠባጠባል። ሰውም «ጋዝ አለቀ» ይላል። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ በውሃ ታጥቦ ጥላ ላይ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይጣመማል። ፊልተሩ ንጹሕ ሆኖ ከተንጠባጠበ የፍሳሽ ቱቦው ተደፍኗል ወይም ተዳፋቱ ጠፍቷል፤ በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት።

ለሐይቁ ዳር ቤቶች አንድ ነገር እንጨምር፦ የውጪው ክፍል አጠገብ ማታ አምፖል አያብሩ። ብርሃኑን ፈልጎ የሚመጣው ትንኝ በፋኑ ተስቦ ስስ የአሉሚኒየም ንጣፎቹ ላይ ይለጠፋል፣ ሙቀቱም መውጫ ያጣል። ሲታጠብ ብሬከሩ ይጥፋ፣ ውሃውም በቀስታ ይፍሰስ፤ በኃይል ከተረጨ ንጣፎቹ ይጎብጣሉ።

«ኤሲ ከውጭ ንጹሕ አየር ያስገባል»

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ኤሲ ከውጭ አየር አያስገባም፤ የክፍሉን አየር መልሶ መላልሶ ያዞራል። ውስጥና ውጭውን የሚያገናኙት ቀጭን የጋዝ ቱቦዎች፣ ሽቦና የውሃ መውረጃ ብቻ ናቸው። ሰዎች ይህን ሳያውቁ ብርዱ እንዳይወጣ በር ዘግተው ከሰል አቀጣጥለው ቡና ያፈላሉ። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰው ድካም ይመስለውና ጋደም ይላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚገድለው ይህ ነው። ከሰል ካለ ኤሲ ይጥፋ፣ መስኮት ይከፈት፤ ቢቻል ጀበናው በረንዳ ላይ ይጣድ። ያዞረው ሰው ካለ ወዲያው ወደ ደጅ ይውጣ፣ ወደ ጤና ተቋምም ይወሰድ። ዕጣኑ ደግሞ ለማሽኑም አይስማማም፤ ጭሱ ወዝ ሆኖ ቱቦው ላይ ይቀመጥና አቧራ ይይዛል፤ ለወራት የማይለቅ ሽታም ይተዋል።

«ኤሲ ሳንባ ምች ያመጣል»

ጉንፋንንም ሳንባ ምችንም የሚያመጡት ጀርሞች ናቸው። ቢሆንም ላብ ያጠመቀው ሰው ላይ በቀጥታ የሚነፍስ ቀዝቃዛ አየር አንገት ያደነድናል፣ ጉሮሮ ያደርቃል። የአየር መውጫውን ክንፍ ወደ ጣሪያ ያዙሩት፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ራሱ ይወርዳል። የሚያስነጥስና የሚያሳስል ከሆነ ፊልተሩንና የሻገተውን የውስጥ ፋን ይጠርጥሩ።

«መብራት ሲመለስ ወዲያው ማብራት ነው»

መብራት በሄደ ቅጽበት ተመልሶ ሲመጣ ጋዙ ገና አንድ ወገን ላይ ታምቋል። ኮምፕረሰሩ ያንን ግፊት ገፍቶ ለመነሳት ሲታገል ከተለመደው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ብሬከር ይወድቃል፣ ባስ ሲልም ሞተሩ ይቃጠላል። እንደ ፍሪጁ 5 ደቂቃ ይጠበቅ። ብዙዎቹ አዳዲስ ማሽኖች ለ3 ደቂቃ ራሳቸው ይዘገያሉ፤ ግን መብራቱ ሲመጣ የሚዋዥቀውን ቮልቴጅ አይከላከሉም፤ ለዚያ ስታብላይዘር ያስፈልጋል። ኤሲ በኤክስቴንሽን አይሰካ፤ ለ12,000 ቢቲዩ ከብሬከር በቀጥታ የመጣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይሳብለት።

«ውሃ የሚሞላበት ማቀዝቀዣም ኤሲ ነው»

አይደለም፤ የረጠበ ፋን ነው። በደረቁ የካቲትና መጋቢት፣ መስኮት ተከፍቶ ይሠራል። በተዘጋ ክፍል ወይም በክረምት ግን ሙቀቱ ላይ እርጥበት ይጨምራል።

«ኤሲ ካለ አጎበር ምን ያደርጋል?»

ብርዱ ትንኟን ያዳክማት ይሆናል እንጂ አይገድላትም፤ አጎበሩ አይነሳ። ደግሞም ባሕር ዳር ሌሊቱ በሞቃት ወራትም ከ20 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መረብ ያለው መስኮት ከፍቶ፣ አጎበር ዘርግቶ፣ ኤሲውን ማጥፋት ይቻላል።