ጠባብ የዓይን ማዕዘን ምንድን ነው? በምስልስ እንዴት ይታያል?

አክስቴን ሕመሙ የጀመራት ደሴ መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ነው። ሻማ ለኩሰን ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ «በሻማው ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታየኛል» አለች። ልብ ያላት አልነበረም። ሰዓት ሳይሞላ ግንባሯንና ቀኝ ዓይኗን ይዛ ተኛች፤ ከዚያ አስመለሳት። አንዷ ጎረቤት «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሽታ አመጣች፤ ሌላዋ «ጨጓራዋ ተነሥቶባት ነው» አለች። በማግስቱ የሄደችበት ክሊኒክም የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኛት። ዓይኗን ባለሙያ ያየላት በሦስተኛው ቀን ነበር። ግፊቱ ሲለካ ከ50 አልፏል። በጤነኛ ዓይን ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ግፊቱ ወረደላት፤ ቀኝ ዓይኗ ግን እንደ ድሮው አያይም።

ያን ቀን ከሐኪሙ የሰማነው ቃል «ማዕዘኑ ተዘግቷል» የሚል ነበር። ዓይን ምን ማዕዘን አለው? ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

ዓይናችን ውስጥ ውሃ ይመላለሳል። እንባ ማለቴ አይደለም፤ እንባ የውጭ ነው። ይህ ውሃ የሚመነጨው ከአይሪስ፣ ማለትም ለዓይናችን ቡናማ ወይም ጥቁር መልክ ከሚሰጠው ክብ ሥጋ፣ ጀርባ ነው። በመሐሉ ባለው ቀዳዳ፣ በብሌኑ፣ አልፎ ወደ ፊት ይመጣል። ከዚያ ጥርት ያለው የዓይን ፊት (ኮርኒያ) ከአይሪሱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ዙሪያውን ባለ ወንፊት መሰል መውጫ ይወርዳል። መጠኑ በደቂቃ 2 ማይክሮሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ግን አያቋርጥም። ማዕዘን፣ ወይም ሐኪሞቹ እንደሚሉት አንግል፣ ይህ ኮርኒያና አይሪስ የሚገናኙበት ጥግ ነው።

ደሴ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በክረምት ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ የቦዩ አፍ ክፍት ከሆነ ያልፋል። አፉ ላይ ጨርቅ ካረፈበት መንገዱን ሞልቶ ሰው ቤት ይገባል። ግላኮማ የዓይንን ነርቭ እየጎዳ ብርሃን የሚነሣ ሕመም ነው። በብዛት የምናውቀው ዓይነት፣ ክፍት ማዕዘን የሚባለው፣ ወንፊቱ ራሱ ከውስጥ ቀስ እያለ ሲደፈን የሚመጣ ነው። በማዕዘን መዘጋት ግን ወንፊቱ ደህና ሆኖ ሳለ አይሪሱ ወደ ፊት ተገፍቶ ይከድነዋል። ጨርቁ አይሪሱ ነው።

ምን ገፋው? የዓይን ሌንስ ከዕድሜ ጋር እየወፈረ ይሄዳል። ዓይኑ ከተፈጥሮው አጭርና ትንሽ ከሆነ ደግሞ የወፈረው ሌንስ ከአይሪሱ ጀርባ ይለጠፍና ውሃው በብሌኑ በኩል ማለፍ ያቅተዋል። ከኋላ ይጠራቀማል፤ አይሪሱንም ከመስኮት የገባ ነፋስ መጋረጃ እንደሚነፋ ወደ ፊት ይነፋዋል። ጨለማ ይህን ያባብሰዋል፤ ብሌኑ ሲሰፋ አይሪሱ ወደ ጠርዙ ይሰበሰባልና። የአክስቴ ዓይን በሻማ ብርሃን የተነሣው በዚህ ይመስለኛል። ቀስተ ደመናው ደግሞ ቅዠት አልነበረም። ግፊቱ ሲጨምር ኮርኒያው ውሃ ይቋጥራል፤ ያኔ ብርሃን በቀለም ተከብቦ ይታያል።

ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት የሚፈነዳው ግን በጥቂቱ ሰው ላይ ነው። በአብዛኛው ማዕዘኑ ያለ ሕመም፣ ያለ መቅላት፣ ወራትና ዓመታት እየፈጀ በጥቂት በጥቂቱ ይዘጋል። በዓለም ላይ ካለው ግላኮማ የማዕዘን መዘጋት ሩብ ያህል ነው ተብሎ ይገመታል፤ በግላኮማ ከታወሩት ግን ግማሽ የሚጠጋውን የሚይዘው እርሱ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ሴቶች፣ የቅርቡን ለማየት የሚቸገሩ አጭር ዓይን ያላቸውና ወንድም ወይም እህት የታመመባቸው ሰዎች ይበልጥ ይጋለጣሉ። በምሥራቅ እስያ በብዛት ይታያል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሹ የሞራ ነበር፤ የግላኮማ ድርሻ በሁሉም ዓይነቱ 5.2 በመቶ ነበር። በሞራ የጠፋ ብርሃን በቀዶ ሕክምና ይመለሳል። ግላኮማ የወሰደው አይመለስም።

ማንም አንባቢ ይህችን ነጥብ እንዳያልፋት እፈልጋለሁ፤ የዓይን ግፊትዎ ተለክቶ 14 ወይም 15 መሆኑ ማዕዘንዎ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ልኬቱ የሚነግረን ውሃው አሁን መሙላት አለመሙላቱን ነው። የቦዩ አፍ ምን ያህል እንደጠበበ አይነግረንም። ለዚያ ጥጉን ራሱን ማየት ያስፈልጋል፤ ጥጉ ደግሞ በቀጥታ ከፊት ሲመለከቱት አይታይም።

ቀላሉ መንገድ የእጅ ባትሪ ነው። ብርሃኑን ከጆሮ በኩል በጎን ሲያበሩት አይሪሱ ዝርግ ከሆነ ዳር እስከ ዳር ይበራል፤ ወደ ፊት ያበጠ ከሆነ በአፍንጫ በኩል ያለው ወገን ጥላ ይወድቅበታል። ጥላ ለጥርጣሬ ይበቃል፤ ለውሳኔ አይበቃም። ዋናው ምርመራ ጎኒዮስኮፒ ይባላል። ዓይኑ በጠብታ ይደነዝዛል፤ ውስጡ መስታወት ያለው ትንሽ ሌንስ ኮርኒያው ላይ ይቀመጣል፤ ሐኪሙ በስሊት ላምፕ፣ ማለትም ብርሃን ባለው የዓይን ማጉያ መሣሪያ፣ እያየ ጥጉን ዙሪያውን ይመረምራል። አያምም፤ ግን የሠለጠነ ዓይንና ትዕግሥት ይጠይቃል።

ምስል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የፊት ዓይን ኦሲቲ የሚባለው መሣሪያ በዓይን የማይታይ ብርሃን ይልክና ተመልሶ ከሚመጣው ላይ የዓይንን ፊት እንደተቆረጠ ሎሚ አድርጎ ያሳያል፤ ኮርኒያው ከላይ ቅስት ሆኖ፣ አይሪሱ ከታች ተዘርግቶ፣ ጥጎቹ በግራና በቀኝ። ዓይን አይነካም፤ በሰከንዶች ያልቃል። ከሁሉ የሚጠቅመው በጨለማ መሥራቱ ነው፤ ማዕዘኑ በሚጠብበት ሰዓት ያነሣዋል ማለት ነው። ባለሙያው ከዚያ የጥጉን ስፋት፣ የአይሪሱን ውፍረት፣ ሌንሱ ምን ያህል ወደ ፊት እንደወጣ ይለካል። ከኮርኒያ እስከ ሌንስ ያለው ጥልቀት በተለመደው ዓይን 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከ2.5 ሲያንስ ሐኪሙ ይጠነቀቃል።

«ኦሲቲ ተነሥቻለሁ» የሚሉ ሰዎች ግን አንድ ነገር ይጠይቁ፤ የፊቱን ነው የኋላውን? በብዛት የሚነሣው የኋላው ነው፤ የሚያሳየው ሬቲናን፣ ማለትም ከዓይን ኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ እና የዓይን ነርቭን ነው። ስለ ማዕዘኑ ምንም አይልም። የፊቱም ቢሆን ገደብ አለው፤ ብርሃኑ የአይሪሱን ቀለም አልፎ አይሄድም፤ ስለዚህ ከጀርባ ያለውን አያይም። ለዚያ ዩቢኤም የሚባል፣ በከፍተኛ ድግግሞሽ ድምፅ የሚሠራ የዓይን አልትራሳውንድ አለ። በምስል ላይ የተነካካ የሚመስል ጥግም በትክክል ተጣብቆ ይሁን ተደግፎ ብቻ የሚለየው የጎኒዮስኮፒውን ሌንስ ጫን አድርጎ የሚያየው ሐኪም ነው። ስለዚህ ማሽኑ በሌለበት ከተማ ጎኒዮስኮፒ የሚያውቅ ሐኪም ካለ ምርመራው ጎደለ አይባልም።

ምስሉ «ጠባብ ነው» ካለስ? ጠባብ ማለት ታመመ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የቻይና ጓንግዡ ጥናት ማዕዘናቸው የጠበበ 889 ሰዎችን ወስዶ አንዱን ዓይናቸውን በሌዘር አከመ፣ ሌላውን ተወው፤ 6 ዓመትም ተከታተላቸው። ሌዘሩ አደጋውን በግማሽ ያህል ቀንሷል። ነገር ግን ካልታከሙት 889 ዓይኖች ችግር የደረሰባቸው 36 ብቻ ነበሩ። እኔ ከዚህ የምረዳው ጠባብ የተባለ ሁሉ ወደ ሌዘር መሮጥ እንደሌለበት፣ ከክትትል ግን መጥፋት እንደሌለበት ነው። ግፊቱ የጨመረ፣ ጥጉ መጣበቅ የጀመረ ወይም አንዱ ዓይኑ አስቀድሞ የተጠቃ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ለእርሱ በአይሪሱ ጠርዝ ላይ በሌዘር ትንሽ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ውሃው በብሌኑ ባያልፍ በዚያ ያልፋል። ለአንዳንዱ ደግሞ ልክ እንደ ሞራ ቀዶ ሕክምና የወፈረውን ሌንስ አውጥቶ በቀጭን መተካት የተሻለ ይሆናል።

ጠባብ መሆኑን ማወቅ ፋርማሲ ላይም ይጠቅማል። አፍንጫ የሚከፍቱ የጉንፋን መድኃኒቶች፣ ለሆድ ቁርጠት የሚሰጠው ሃዮሲን፣ ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ብሌን ሊያሰፉ ይችላሉ። የታዘዘልዎትን በራስዎ አያቁሙ፤ ግን ለሚሰጥዎ ሰው «የዓይኔ ማዕዘን ጠባብ ነው» ይበሉት።

የአክስቴ ግራ ዓይን በዚያው ሳምንት በሌዘር ተሠራ፤ ደቂቃዎች ነው የፈጀው። «አብሽሩ እናቴ፣ ይቺን እንጠብቃታለን» ነበር ያላት ሐኪሙ። ቀጥሎ ወደ እኛ ዞሮ «እህት አላት?» ብሎ ጠየቀ። አለቻት፤ እናቴ ናት፣ ኮምቦልቻ ነው የምትኖረው። ዓይኔን አሞኝ አያውቅም ብላ ስታንገራግር ሰንብታ በመጨረሻ የሐረጎን ዳገት ወጥታ ደሴ መጣች። ግፊቷ 15 ነበር። ሐኪሙ ቁጥሩን ጻፈና ወረቀቱን አልሰጠንም። ተነሥቶ የክፍሉን መብራት አጠፋ፣ በሩን ዘጋ፣ ሌንሱን አነሣ።